ላፕቶፕን ፍሪጅ ስለማስገባትና ስለ ሌሎቹ ምክሮች፦ መልስ ከየካ አባዶ

ጽሑፉን ከማንበቤ በፊት ውጤቱን ነው ያየሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ወተት ላወጣ ፍሪጁን ስከፍት፣ በቅቤው ዕቃና በትናንቱ ሽሮ መሃል በፌስታል የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር ተጋድሞ አገኘሁ። ላፕቶፕ ነው። የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ እረፍቱን እኛ ጋ ነው የሚያሳልፈው። ቀስቅሼ ስጠይቀው ዓይኑን እያሸ «ጋሼ፣ ባትሪው ዕድሜው እንዲረዝም እኮ ነው» አለኝ። «ማን አለህ?» ስለው ስልኩን ዘረጋልኝ።

የላፕቶፕ ባትሪን አሥር ዓመት ማቆየት ይቻላል የሚል፣ በየቴሌግራሙ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ ነው። ሰባት ምክር አለው። አዲስ ላፕቶፕ ስትገዙ ከመክፈታችሁ በፊት 12 ሰዓት ቻርጅ አድርጉ ይላል። ሁልጊዜ ዜሮ እስኪገባ ተጠቀሙበት ይላል። ሶኬት ላይ ሰክታችሁ አትሥሩ፣ ግድ ከሆነም ባትሪውን አውጡት፤ የማትጠቀሙበት ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ አምፔሩ ከፍ ያለ ቻርጀር ባትሪ ያቃጥላል፤ ባትሪ የሚያክም አፕ ጫኑ፤ ባትሪው ትንሽ ካበጠ ደግሞ ለጥቂት ቀን ቻርጅ ሳታደርጉ ተዉት፣ ይመለሳል ይላል።

እኔ የኤሌክትሮኒክስ ሰው አይደለሁም። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የአሥራ ምናምን ሱቅ መዝገብ እይዛለሁ፣ ያውም ከቤቴ፣ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። ባለፉት ዘጠኝ ዓመታት ሦስት ላፕቶፕና አምስት ባትሪ ጨርሻለሁ፤ ከባትሪዎቹ ሁለቱን የገደልኳቸው ልክ እንዲህ ዓይነት ምክር ሰምቼ ነው። ስለዚህ ተራ በተራ ልመልስ። የመጨረሻዋ ምክር ባትኖር ምናልባት ስቄ አልፈው ነበር። እሷ ግን ሰው ልትጎዳ ትችላለች።

ስለ 12 ሰዓቱ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ድሮ፣ ባትሪ ማለት ኒኬል በነበረ ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ሰዓት መሙላት ትርጉም ነበረው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያወጣው ሊቲየም-አዮን ነው ዛሬ በየላፕቶፑ ውስጥ ያለው፤ እሱ ሲሞላ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ሰርኪዩት ራሱ ያቆመዋል። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ብትጠብቁት የሚጨመርለት ነገር የለም። ከሱቅ አምጡት፣ ክፈቱት፣ ሥሩበት።

ሁልጊዜ ዜሮ አድርሱት የሚለው ግን እኔን በግል አስከፍሎኛል። መነሻው ይገባኛል። ኒኬል-ካድሚየም ባትሪ ግማሽ ላይ እያለ ደጋግመው ሲሞሉት «ግማሹን ይለምዳል» ይባል ነበር፣ ስለዚህ አልፎ አልፎ እስከ ታች ያወርዱት ነበር። ሊቲየም እንዲህ ዓይነት አመል የለበትም። ጭራሽ ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ ከ100 ወደ ዜሮ ከሚመላለስ ባትሪ ይልቅ በ80 እና በ40 መሃል የሚመላለሰው በብዙ ይቆያል። ብዙ ሰው ደግሞ «በሰካኸው ቁጥር አንድ ሳይክል ይቆጥራል» ብሎ ይፈራል፤ ሳይክል ማለት የባትሪውን ሙሉ አቅም አንድ ጊዜ ተጠቅሞ መሙላት ነው። አይቆጥርም። ዛሬ ግማሹን ተጠቅማችሁ ሞላችሁት፣ ነገም ግማሹን ተጠቅማችሁ ሞላችሁት፣ ሁለቱ ቀን ተደምሮ አንድ ሳይክል ነው። አፕል ለማክቡኮቹ 1,000 ሳይክል ይላል፤ ለሌላው በተለምዶ የሚነገረው ከ300 እስከ 500 ነው፣ እሱም ቢሆን አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል እንጂ ይሞታል ማለት አይደለም።

እና ምን ሆንኩ? ሐምሌ ነበር። ሐምሌ ለእኔ ቢጤ ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ የሆነ ሰው ያውቃል፤ የግብር ወር ነው፣ ደንበኛው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ረስቶህ ከርሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደረሰኙን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል። እኔ ደግሞ ምክር ሰምቼ ቻርጀሩ አጠገቤ ተሰቅሎ እያለ «ገና ነው፣ ዜሮ ይግባ» እያልኩ እሠራለሁ። 9 በመቶ ላይ ስደርስ መብራት ሄደ። ዝም ብሎ አይደለም የሄደው፤ ከትራንስፎርመሩ በኩል አንድ ነገር ጓ ብሎ ነው፣ እንዲህ ሲል ደግሞ ቶሎ እንደማይመለስ ሰፈራችን ያውቃል። ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልዬ በዝናብ ታክሲ ተሰልፌ አያት ወረድኩ፣ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ። ሶኬት ያለው ጠረጴዛ አንድ ነው፣ እሱንም ሁለት ተማሪዎች ይዘውታል። ሦስት ማኪያቶ ጠጥቼ ነው ተራ የደረሰኝ። ያን ቀን ባትሪዬ 70 ወይም 80 ላይ ቢሆን ኖሮ ሥራውን ጨርሼ፣ ራቴን በልቼ በሻማ እተኛ ነበር።

ከዚህ የባሰው ዜሮ ላይ ትቶ መርሳት ነው። ላፕቶፕ 0 ብሎ ሲጠፋ ባትሪው ጨርሶ ባዶ አይደለም፣ ትንሽ መጠባበቂያ ይዞ ነው። ያቺ መጠባበቂያ ግን ቁምሳጥን ውስጥም ቢሆን ቀስ እያለች ታልቃለች። ሴሉ፣ ማለትም ባትሪው የተሠራበት እያንዳንዱ ክፍል፣ ቮልቱ ከሚገባው በታች በጣም ወርዶ ሲቆይ ውስጡ ያለው መዳብ ሊሟሟ ይችላል፣ ከዚያ መከላከያ ሰርኪዩቱ ቻርጅ አልቀበልም ይላል፤ ልክም ነው፣ ቢቀበል አደጋ ነው። አሮጌዋን ላፕቶፔን ለዚሁ የእህቴ ልጅ ብዬ ባዶዋን አስቀምጬ ከወራት በኋላ ሳወጣት ባትሪዋ ሞቶ ጠበቀኝ። አንደኛው የገደልኩት ይሄ ነው።

ዜሮ ድረስ ማውረድ የሚጠቅመው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። 30 በመቶ ብሎ ድንገት ድርግም የሚል ላፕቶፕ ካላችሁ ስንት በመቶ እንደቀረ የሚያሳየው ቆጣሪ ተሳስቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሙሉ ሞልታችሁ፣ ራሱ እስኪጠፋ ተጠቅማችሁ፣ እንደገና ሙሉ ብትሞሉት ቆጣሪው ይስተካከላል። የሚስተካከለው ግን ቆጣሪው ነው። ባትሪው እንዳረጀ ነው።

ሰክታችሁ አትሥሩ የሚለው ግማሽ እውነት ስላለው ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ባትሪው ሲሞላ ላፕቶፑ ከሶኬቱ ይሠራል፤ «ሞልቶ ፈሰሰ» የሚባል ነገር የለም። ችግሩ ሌላ ነው። የሞላ ባትሪ እያንዳንዱ ሴሉ 4.2 ቮልት አካባቢ ላይ፣ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ነው የሚቀመጠው። እንደተወጠረ ሳምንታትን ሲያሳልፍ፣ እዚያ ላይ ሙቀት ሲጨመርበት፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተበላሸ አቅሙ ይቀንሳል። ባትሪ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ድረ ገጽ ላይ አንድ በጣም የምወዳት ሠንጠረዥ አለች። ባትሪ 40 በመቶ ተሞልቶ 25 ዲግሪ ላይ አንድ ዓመት ቢቀመጥ 96 በመቶ አቅሙ ይተርፋል። ያው ባትሪ ሙሉ ሆኖ ቢቀመጥ 80 ይቀራል። 40 ዲግሪ ላይ ሙሉ ሆኖ ቢቀመጥ 65። ማንም ሳይነካው፣ ምንም ሳይሠራ! ስለዚህ ቀን ከሌት የተሰካ ላፕቶፕ ባትሪው ቶሎ ያረጃል ከተባለ አዎ፣ ያረጃል። መድኃኒቱ ግን መንቀል ሳይሆን ከ80 በላይ እንዳይሞላ መገደብ ነው።

ይህን ደግሞ ብዙዎቹ ላፕቶፖች ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ፣ ማንም አይነግራችሁም እንጂ። ሌኖቮ ከሆነ ቫንቴጅ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ኮንሰርቬሽን ሞድ ፈልጉ። አሱስ ከሆነ ማይአሱስ ውስጥ 60 ወይም 80 የሚል ምርጫ አለ። ዴል ሲነሳ ኤፍ2 እየተጫናችሁ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት ያለው ማስተካከያ ውስጥ፣ ግቡና የባትሪውን ቦታ ፈልጉ፣ ከየት ጀምሮ የት ላይ እንዲያቆም ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ነው፣ ባትሪ ኸልዝ ማኔጀር ይላል። በጣም አሮጌዎቹ ላይ ላይኖር ይችላል።

ባትሪውን አውጥታችሁ ሥሩ ለሚለው ደግሞ፣ አንደኛ ዛሬ በእጅ የሚወጣ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ስንት አለ? ከውስጥ በብሎን የታሰረ ነው። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው የት ሰፈር እንደሚኖር አላውቅም፣ ግን መብራት የማይሄድበት መሆን አለበት። እኛ ጋ ባትሪ አውጥቶ መሥራት ማለት መብራቱ ብልጭ ባለ ቁጥር የጻፍከውን መቅበር ማለት ነው።

እኔ አዘቦት ቀን 80 ላይ አቆመዋለሁ። ሰኔ ገብቶ ሰማዩ በየረር በኩል ሲጠቁር፣ ወይም ጥበቃው «ነገ መስመር ይቆረጣል አሉ» ሲለኝ፣ ገደቡን አንስቼ 100 አስሞላዋለሁ። ሁለት ቀን ሞልቶ ቢያድር አይሞትም። ለባትሪው አዝኜ 40 በመቶ ይዤ ጨለማ ውስጥ የምቀመጥበት ምክንያት የለም፤ የተገዛው እኮ ለዚህ ነው።

በሙቀት በኩል ግን እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ታድለናል። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ ቤታችን ውስጥ 40 ዲግሪ የሚባል ነገር አናይም። ሠመራ ያለ ዘመዴ እንዲህ አይልም። ያው ከፍታ ግን ሌላ ዋጋ አለው፦ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ያንኑ ያህል እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ አየር ማስገቢያውን የመዝጋት ቅንጦት የለንም። ጽሑፉ ከሰባቱ ምክሮች ሌላ በአንድ መስመር አልጋ ላይ አትሥሩ ብሏል፣ እሱ ልክ ነው፣ ጋቢንም ቢጨምርበት ጥሩ ነበር። ማታ ማታ ብርዱን ፈርቶ ጉልበቱ ላይ ጋቢ ጣል አድርጎ ላፕቶፑን ከላይ የማያስቀምጥ ማን አለ? ጋቢው ማስገቢያውን ይደፍነዋል፣ ታቹ እንደ ምጣድ ይግላል። እኔ ሰፌድ ነው የማደርግበት። ቀላል ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ አይግልም። ባለቤቴ ጤፍ ልታበጥር ሰፌድ ስትፈልግ መጀመሪያ የምትመጣው እኔ ጋ ነው። አቧራውም አለ፤ ከዋናው አስፋልት ወደ ብሎካችን የሚገባው መንገድ ጥርና የካቲት ላይ ዱቄት ነው፣ መስኮት ዘግተህም ይገባል። በዓመት አንዴ አስከፍቼ ፋኑን አስጠርጋለሁ። ባለፈው የወጣው ነገር የበግ ፀጉር ይመስል ነበር።

ወደ ፍሪጁ ልመለስ። ቅዝቃዜ የባትሪን እርጅና ያዘገያል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ያችኑ ሠንጠረዥ እንያት፤ 40 በመቶ ተሞልቶ ዜሮ ዲግሪ ላይ ዓመት የቆየ ባትሪ 98 ይተርፈዋል። ቁምሳጥን ውስጥ፣ 25 ዲግሪ ላይ የቆየው ደግሞ 96። የኛ ቁምሳጥን ከ25 በታች ነው፣ ስለዚህ ልዩነቱ ከዚያም ያነሰ ነው። ለሁለት በመቶ ብላችሁ ነው ላፕቶፕ ከሽሮ ጋር የምታስተኙት? ከፍሪጅ የወጣ ዕቃ ደግሞ ያልበዋል፣ ያ ላብ ሰርኪዩት ላይ ነው የሚያርፈው። የኛው ፍሪጅማ ከዚህም ይብሳል። መብራት ሲሄድ በረዶው ይቀልጣል፣ ውሃው ይንጠባጠባል፣ መብራት ሲመጣ እንደገና ይቀዘቅዛል። የልጁን ላፕቶፕ አውጥተን ከነፌስታሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ላቡ ፌስታሉ ላይ ነበር፣ ፌስታል መጠቅለሉ ነው ያዳነው። ቢሆንም እስከ ማግስቱ እንዳይከፍተው ከለከልኩት፤ አኩርፎ ዋለ። ለወራት የማትነኩት ላፕቶፕ ካለ ግማሽ ገደማ ሙሉት፣ አጥፉት፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡት፣ በሁለት በሦስት ወር አንዴ እዩት።

የቻርጀሩ ነገር። አምፔሩ ከፍ ያለ ቻርጀር ያቃጥላል የሚለው ስህተት ነው። ላፕቶፑ የሚፈልገውን ያህል ነው የሚስበው። መመሳሰል ያለበት ቮልቱ ነው፤ 19.5 ቮልት 3.34 አምፔር የሚል ቻርጀር የነበረው ላፕቶፕ 19.5 ቮልት 4.62 አምፔር ብታደርጉለት፣ ጫፉ ከገጠመ፣ ምንም አይሆንም። አደገኛው አምፔሩ ያነሰው ነው፤ አቅሙ ስለማይችል ይግላል። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን እውነተኛው ጠላት ላዩ ላይ የፈለገውን ቁጥር የጻፈ ኮፒ ቻርጀር ነው። መገናኛ አንድ የሚጠግንልኝ ልጅ አለ። አንዴ ሁለት ቻርጀር፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጄ አስያዘኝና «ጋሼ፣ የቱ ይከብዳል?» አለኝ። የቀኙ ይከብዳል። «የግራው ውስጡ ባዶ ነው፣ ኪስዎ ነው የሚቀለው» ብሎ ሳቀብኝ። ክብደት ማስረጃ አይሆንም፣ ግን ሁለቱን ከፍቶ ሲያሳየኝ ከቀላሉ ውስጥ የጎደለው መከላከያው ነበር።

ጸሐፊው ያልጻፈው፣ ለኛ ሰፈር ግን ከሁሉም የሚበልጠው፣ መብራት ሲመለስ ያለው ነገር ነው። ኦሪጅናል ቻርጀሮች ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል የሚል ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ ስለዚህ መብራቱ ፈዘዝ ሲል አይጨነቁም። ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ግን ሌላ ነው። መብራት ሲሄድ ቻርጀሬን ከዲቫይደሩ እነቅላለሁ። ሲመጣ አምፖሉን አያለሁ፣ ደመቅ ደብዘዝ ማለቱን ሲተው አሥር ደቂቃ ጨምሬ ነው የምሰካው። ታች ቤት ያለው ጎረቤቴ በዚህ ሲስቅብኝ ኖሮ ባለፈው ፋሲካ ማግስት ቴሌቪዥኑን ቀበረ።

አፑን በሁለት መስመር ልለፈው። ባትሪ የሚያክም አፕ የለም፤ ያረጀ ኬሚካል በአፕ አይታደስም። ሁኔታውን ማየት ከፈለጋችሁ ዊንዶውስ ራሱ ያሳያል። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ ፓወርሲኤፍጂ ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ ስላሽ ባትሪሪፖርት በሉት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ማለቴ ነው፦ powercfg /batteryreport። የሚያወጣው ገጽ ላይ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው አቅም ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ስላይትሊ ዩዝድ ላፕቶፕ የምትገዙ ሰዎች ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሻጩ ፊት ይህን አድርጉት። 50 ዋት-አወር (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ተብሎ ተሠርቶ 22 የሚይዝ ባትሪ «ሦስት ሰዓት ይቆያል» ሲባልበት ሰምቻለሁ።

አሁን ያበጠው ባትሪ። ተዉት ይመለሳል የሚለውን ሰውዬ ባገኘው ደስ ይለኛል። ባትሪ የሚያብጠው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ፈርሶ ጋዝ ስለሚሆን ነው። ጋዙ ታሽጎበታል፣ ወደ ፈሳሽ አይመለስም። ሁለተኛው የገደልኩት ባትሪ ዓመት ሙሉ 100 ላይ ተሰክቶ የኖረ ነው፣ በዚያ ላይ በጋቢ። መጀመሪያ ያየሁት ነገር እብጠት አልነበረም፣ የመዳፊቱ ሰሌዳ (ታችፓዱ) አልጫን አለኝ። ቆሻሻ ገብቶበት ነው ብዬ በጥርስ ብሩሽ ጠረግኩት። ከሳምንት በኋላ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ እንደ ሚዛን መወዛወዝ ጀመረ። አሁንም አልገባኝም። የገባኝ የመገናኛው ልጅ ብሎኖቹን ሲፈታ ነው፤ የመጨረሻው ብሎን ሲወጣ ክዳኑ ራሱ ቡፍ ብሎ ተነሳ። ከሥሩ ያለው ባትሪ ትራስ አክሏል። ልጁ እጁን ሰብስቦ ወደ ኋላ አለ። «ጋሼ፣ በዚህ ሲሠሩ ነበር?»

ሲያብጥ ያለው ሥራ ይህ ነው። አጥፉት፣ ከቻርጀር ንቀሉት፣ እንደገና አትሰኩት። አትጫኑት፣ አትብሱት፤ ጋዙን አወጣለሁ ብሎ በመርፌ የሚወጋ ሰው አለ፣ ያ እሳት ነው የሚያስነሳው። የሚችል ሰው ያውጣላችሁ። አዲስ ስትገዙ ደግሞ ላዩ ላይ የተሠራበትን ቀን ካገኛችሁ እዩ፣ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አራት ዓመት የከረመ ባትሪ በፕላስቲክ ቢታሸግም አዲስ አይደለም። ከውጭ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ በእጅ ሻንጣው ይያዘው፣ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

ያበጠው ባትሪ አሁንም እኔ ጋ ነው። ልጁ ሱቄ ውስጥ አላሳድረውም ስላለኝ ይዤው መጣሁ፣ ያውም በታክሲ፣ ጉልበቴ ላይ እንደ እንቁላል ይዤ፣ አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት ምን እንደያዝኩ ሳልነግራት። ቆሻሻ ውስጥ አልጥለው ነገር፣ የሚሰበስቡት ልጆች በእግራቸው እየረገጡ ነው የሚጭኑት። አሸዋ በሞላ የቀለም ጣሳ ውስጥ፣ በረንዳው ጥግ፣ ከምንም ነገር ርቆ ተቀምጧል። ባለቤቴ በሳምንት አንዴ «ያ ነገር አሁንም አለ?» ትለኛለች። በአያት በኩል የሚረከብ ቦታ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።